ጋሽ ዳና በቤተ ክርስቲያን ግቢ ያወጡት ውሃ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዳይሬክተሩ በሽቦ የታሰረ ቁልፍ ሰጡኝና «ላቦራቶሪው የት እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «እኔም ከገባሁበት ቆይቻለሁ። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ነው መሰለኝ» ብለው ወደ ስብሰባቸው ሄዱ።

ደርግ ከወደቀ ብዙም አልቆየም ነበር። እኔ ከሳውላ መጥቼ፣ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ፣ አጭር ሥልጠና ወስጄ ጂንካ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በላቦራቶሪ ረዳትነት መቀጠሬ ነው። በመዋቅሩ ከዘበኛው በላይ፣ ከጸሐፊዋ በታች ነበርኩ። ዘበኛው ይህን ፈጽሞ አይቀበልም። እሱ ጠመንጃ አለው፣ እኔ ጋዋን እንኳ የለኝም።

በሩን ስከፍት ፍየል ወጣች። በተሰበረው መስኮት እየገባች ሣጥኖቹ ውስጥ የነበረውን ጭድ ስትበላ ከርማለች። ሣጥኖቹ በደርግ ጊዜ ከምሥራቅ ጀርመን የመጡ ናቸው፤ ብርጭቆው እንዳይሰበር በጭድ ተጠቅጥቆ ነበር። የጀርመን ጭድ የጠገበች የመጀመሪያዋ የጂንካ ፍየል እሷ ሳትሆን አትቀርም። ደግነቱ ከዕቃው አንዱንም አልሰበረችም። ከዚያ በኋላ በእኛ በሰዎቹ እጅ የደረሰበትን ሳስብ፣ ላቦራቶሪውን ለእሷ ብንተውላት ይሻል ነበር እላለሁ።

ሣጥኖቹ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የሚችል አልነበረም። የእያንዳንዱን ዕቃ ስም የነገረኝ የኬሚስትሪ አስተማሪው ሙሉጌታ ነው። በልጅነቱ ኩባ ተልኮ፣ እዚያው ተምሮ የተመለሰ፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ከፍ የሚል፣ ሲናደድ በስፓኒሽ የሚሳደብ ሰው ነበር። ተማሪዎቹ ከኋላው «ቲቸር ኩባ» ይሉታል። «ይሄ ፍላስክ ነው፣ ይሄ ቢከር ነው፣ ይሄኛው ደግሞ ኮንደንሰር ነው፤ ይሄን ከሰበርከው አንተንም እሰብርሃለሁ» አለኝ።

ኮንደንሰር በቱቦ ውስጥ ሌላ ቱቦ ያለበት የብርጭቆ ዕቃ ነው። በውስጠኛው እንፋሎት ያልፋል፣ በውጭኛው ከቧንቧ የመጣ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞራል። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ውሃነት ይመለስና ጠብ ጠብ ይላል። ያ ጠብታ ነው ዲስትልድ ውሃ የሚባለው።

ሙሉጌታ ይህን ውሃ የሚወደው ለአንድ ጨዋታ ነው። ሁለት ቴስት ቲዩብ ይይዛል፤ በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው ዲስትልድ። ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ሲያደርግባቸው የቧንቧው ወተት ይመስላል፣ ዲስትልዱ ጥርት እንዳለ ይቀራል። ክፍሉ ያጨበጭባል። ከዚያ ታሪኩን ይጀምራል።

«ይሄ ዘዴ ከእናንተ ሁሉ የበለጠ አገር ዞሯል» ይላል። «ድስት ላይ ክዳን ደፍተው፣ ከክዳኑ ቱቦ አውጥተው እንፋሎት የያዙት የድሮ የእስክንድርያ ሰዎች ናቸው። ወርቅ እንሠራለን ብለው ነበር፣ አልሆነላቸውም። ዐረቦች ከእነሱ ተቀብለው የጽጌረዳ ውሃና መድኃኒት አወጡበት። ከዐረቦች ወደ ስፔን ተሻገረ። ስፔኖች ከሸንኮራ አገዳው ጋር መርከብ ላይ ጭነው ኩባ አደረሱት። እኔ ደግሞ ከኩባ ጂንካ አመጣሁላችሁ!»

አንድ ቀን ይህን ብሎ ደረቱን ሲነፋ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እናቴም እኮ ታወጣለች» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሙሉጌታ ግን አልሳቀም፤ የእናቷን ስም ጠየቃት። እትዬ ጥሩነሽን ያወቅናቸው እንዲህ ነው።

ኮንደንሰሩን የሰበረው ሰው አይደለም፣ የጂንካ ቧንቧ ነው። ሥራ ላይ እያለን ውሃ ሄደች። ብርጭቆው ጋለ። እሳቱን ልናጠፋ ስንራወጥ ውሃዋ ሳትጠራ ተመለሰች፤ ቀዝቃዛው የጋለውን ሲነካው ጧ! አለ። ሙሉጌታ በስፓኒሽ የተናገረውን እስከ ዛሬ የተረጎመልኝ የለም።

ዳይሬክተሩ «ዞን ይጠየቅ» አሉ። ዞን «በሂደት ላይ ነው» አለ። በሂደት ላይ ያለ ነገር ምን ያህል እንደሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪዎቹ ሙከራ ቀረባቸው። ሙሉጌታ ጥቂት ጊዜ ተቁነጠነጠና «ተነስ፣ እትዬ ጥሩነሽ ቤት እንሂድ። በእሳቸው ማሰሮ ውሃችንን እናወጣለን» አለኝ።

እትዬ ጥሩነሽ አረቄ አውጪ ነበሩ። አያታቸው ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው፣ እሳቸው ጂንካ ተወልደው ያደጉ። የእሳቸው ዳግም፣ ሁለት ጊዜ የወጣው አረቄ ማለት ነው፣ እስከ ዲመካ ገበያ ስሙ ይጠራል። እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ። ጴንጤነቱ ብቻውን ቢሆን ምንም አልነበረም። ሽማግሌ ልኬ መልስ የምጠብቅ ጴንጤ ነበርኩ።

የምፈልጋት ማርታ ትባላለች። ልብስ ሰፊ ናት፣ ከመዘምራን ጋር ትዘምራለች፣ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ ነው። አባቷ ጋሽ ዳና ከወላይታ የመጡ ግንበኛና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ። ለላክኋቸው ሽማግሌዎች የሰጡት መልስ «ልጁን ለጊዜው እናየዋለን። መጠጥ ያገኘሁበት ቀን ግን አለቀ፣ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጡ» የሚል ነው። በምስክርነት ሰዓት ይነሱና «እኔ በሕይወቴ የአረቄ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም!» ይላሉ። እሳቸው ሰላም ሊሉ ሲጠጉ ያልጠጣውም ወጣት ትንፋሹን ይይዛል።

ማርታን አማከርኳት። «ሂድ። ውሃ ኃጢአት አይደለም» አለችኝ። «ግን ልብስህን ቀይረህ ና። የአባዬ አፍንጫ ጠጁን ከአረቄው ብቻ አይደለም የሚለየው፣ የትናንቱን አረቄ ከዛሬው ይለያል። ከየት እንደተማረው እግዚአብሔር ይወቅ።»

እትዬ ጥሩነሽ ጉዳያችንን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ውሃ? በእኔ ማሰሮ?»

«ንጹህ ውሃ ነው እትዬ» አለ ሙሉጌታ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ጥሩነሽ ውሃ ታወጣለች ከተባለ ማን ይገዛኛል? በውሃ እያቀጠነች ነው የምትሸጥልን አይሉም?»

«እኔም እዚህ ከታየሁ አለቀልኝ» አልኩ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ?»

የማርታን ነገር ነገርኳቸው። የአባቷን ስም ስጠራ ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ የሳቁት በጴንጤነቴ መስሎኝ ትንሽ ቅር አለኝ። ለማንኛውም ተማማልን። እሳቸው ውሃ እንዳወጡ እኛ አናወራም፤ እኔ ቤታቸው እንደገባሁ እሳቸው አያወሩም።

ማሰሮውን በአመድ ፈትገን አጠብነው። ውሃ ሞላን፣ ክዳኑን ደፋን፣ እንፋሎት እንዳያመልጥ ዙሪያውን በሊጥ መረግነው። ሙሉጌታ ከክዳኑ የወጣውን የመዳብ ቱቦ በዓይኑ እየተከተለ ሄደና ድንገት ቆመ።

«በሌሎች አረቄ ቤቶች» አለ፣ ብዙ ማየቱን ሳይደብቅ፣ «ውሃ ውስጥ የሚነከረው መቀበያው ዕቃ ነው። እርስዎ ግን የሚያቀዘቅዙት ቱቦውን ነው!»

እውነቱን ነበር። ቱቦው ውሃ በተሞላ የእንጨት ገንዳ ውስጥ አልፎ በማዶ ይወጣል። ያ ጧ ያለው የጀርመን ኮንደንሰር የሚሠራውን ሥራ ይህ ገንዳ ጓሮ ተቀምጦ ሲሠራ ኖሯል።

«ማን አሳየዎት?»

«አንድ ሰው ነው። ወጣት ሳለን አብሮኝ ያወጣ ነበር። ከሩቅ አገር ሥራ ቦታ የተማረው ነው።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ስሙን ብጠራ ሰውየው ከተማውን ጥሎ ይጠፋል። አሁን ተለውጧል። ይልቅ እሳቱን እየው!»

ሙሉጌታ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረውም። «እኔ ነኝ ያመጣሁት ስል ለካ ቀድሞኝ የመጣ አለ! አንድ ሰው ይሄን በጭንቅላቱ ይዞ ጂንካ ገብቷል። ማን ይሆን?» እያለ ዋለ።

የወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነበር። ሲልቨር ናይትሬቱ ወተት አላደረገውም። ችግሩ ሽታው ነው። ለዓመታት አረቄ የጠጣ ሸክላ በአንድ ቀን እጥበት ንስሐ አይገባም። ውሃችን ቁርጥ ዳግም ይሸታል።

ጄሪካኑን ይዤ በጓሮው አጥር ሾልኬ ስወጣ ከማን ጋር ብጋጠም ጥሩ ነው? ጋሽ ዳና ከአንድ ጎረቤት ግንብ ሥራ ጨርሰው፣ የግንብ መለኪያ ቱምቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ይመጣሉ።

«ኤልያስ፣ ምን ይዘሃል?»

«ውሃ ነው ጋሼ።»

«ከዚህ ቤት?»

«ለላቦራቶሪ ነው።»

ክዳኑን ከፈቱና አንድ ጊዜ ብቻ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። «ዳግም ነው» አሉ። ጄሪካኑን ከእጄ ተቀብለው «እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቢሮ እንገናኝ» ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ማርታን ያጣኋት መሰለኝ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። መጋቢው ከመካከል ተቀመጡ፣ ጄሪካኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሙሉጌታ ሊመሰክርልኝ መጣ። ማርታ ለሽማግሌዎቹ ሻይ ልታቀርብ ማንቆርቆሪያ ይዛ ገባችና አልወጣችም። ውጪ ብሎ የደፈራትም የለም።

«ውሃ ነው» አልኩ።

«አረቄ ነው» አሉ ጋሽ ዳና።

«ታዲያ ይቀመሳ!» አለ ሙሉጌታ።

እዚህ ላይ ነገሩ ተቆለፈ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አረቄ ሆኖ ከተገኘ የቀመሰው ሽማግሌ አረቄ ጠጣ ማለት ነው። ውሃ ከሆነም፣ አረቄ አለመሆኑን ሊመሰክር የሚችለው የአረቄን ጣዕም የሚያውቅ ነው። ማን ተነስቶ እኔ አውቀዋለሁ ይበል? አንደኛው ሽማግሌ «ሙሉጌታ ይቅመሰው» አሉ። ሌላው «እሱማ ውሃ ነው ማለቱ መች ይቀራል፣ ለእሱ አረቄም ውሃ ነው» አሉ። ሙሉጌታ አልተቀየመም። ልክ ነው በሚል ራሱን ነቀነቀ።

ሲልቨር ናይትሬቱን ከኪሱ አወጣ። ከጄሪካኑ ወደ ብርጭቆ ቀድቶ ጠብ አደረገበት። «አያችሁ? ንጹህ!» መጋቢው አሰብ አደረጉና «አረቄ ላይ ብታደርገውስ ምን ይሆናል?» አሉት።

ሙሉጌታ ራሱን አከከ። «እሱም እንዲሁ ጥርት ብሎ ይቀራል» አለ፣ ሳቁ እያመለጠው። «ይሄ ጨውን እንጂ ኃጢአትን አያሳይም።»

በዓይኔ ልበላው ደረስኩ። ሊያድነኝ መጥቶ ይቀልድብኛል!

«እሺ፣ እሳት!» አለ። «አረቄ ይነዳል፣ ውሃ አይነድም።» ሳህን ላይ ጥቂት አፍስሶ ክብሪት ለኮሰ። ክብሪቱ ጭስ ብሎ ጠፋ። ደግሞ ለኮሰ፣ ጠፋ። የመጋቢው ፊት ፈታ አለ። እኔም ከስንት ቀን በኋላ ተነፈስኩ።

«ቆይ!» አሉ ጋሽ ዳና ጣታቸውን አንስተው። «ይሄ ምንም አያሳይም። የሚነደው ራስ የሚባለው ነው፣ ማሰሮው መጀመሪያ የሚሰጠው። ጭራ የሚባለው አይነድም። መጨረሻ ላይ የወጣ ከሆነ አረቄም ሆኖ ክብሪት ያጠፋል።»

ጋሽ ዳና የተናገሩትን ከሁላችንም በኋላ ነው የሰሙት። እኔን አጥብቀው ሊይዙ ሲሉ ራሳቸውን ያዙ።

«ወንድም ዳና» አሉ መጋቢው ቀስ ብለው፣ «ራሱን ከጭራው እንዴት ለዩት?»

«ሲሉ…» ብለው ጀመሩ። ሲሉ ሰምቻለሁ ብለው ቢጨርሱት ማንም አይከራከራቸውም ነበር። የእሳቸው ስም ይተርፋል፣ የእኔ ጄሪካን በጥርጣሬ እንዳለ ይቀራል፣ ማርታም ትቀርብኛለች። ይህን ሁላችንም ገብቶናል። ማርታ ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ እንደያዘች «አባዬ» አለች።

ጋሽ ዳና ወንበራቸውን ገፍተው ቆሙ። «ሲሉ አልሰማሁም። አውጥቼ ነው የማውቀው።»

ከዚያ ተናገሩ፣ ሳያቆሙ። «ወጣት ሳለሁ አዋሽ ወርጄ ስኳር ፋብሪካ የጉልበት ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ግሪክ መካኒክ ነበር። ከወርክሾፑ ጀርባ ለራሱ ያወጣል፣ ቱቦውን በርሜል ውሃ ውስጥ አሳልፎ። እኔን እሳት አንዳጅ አደረገኝ፣ እያየሁ ተማርኩ። ጂንካ ስመጣ ግንብ የሚያስገነባ ሰው አልነበረም፣ ከጥሩነሽ ጋር አወጣሁ። ጌታን ሳገኝ ተውኩት። መተዌ እውነት ነው። አላውቀውም ማለቴ ግን ውሸት ነበር።»

«ግሪኩ የየት ሰው ነበር?» ሙሉጌታ መቀመጥ አቃተው።

«አባቱ ከግብጽ ነው የመጣው። እስክንድርያ ሲል እሰማ ነበር።»

«እስክንድርያ!» ብሎ ጮኸ ሙሉጌታ።

«ተቀመጥ ወንድሜ» አሉት መጋቢው። ወደ ጋሽ ዳና ዞሩና «ታዲያ የአረቄ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም ሲሉን የኖሩት?» አሏቸው።

«በጓሮ ነበር የምገባው» አሉ ጋሽ ዳና።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቃቸውን ለማፈን ሳል ጀመሩ። እኔ ግን አልሳቅኩም። የጋሽ ዳና ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር፤ ያን የመሰለ ሰው እንደዚያ ሆኖ ማየት ከበደኝ። እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና «ልጁ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የምናውቅበት መንገድ አለ» አሉ። «ማርታ፣ ሻዩን ድፊው።»

ከቢሮው ወጥተን ግቢው ውስጥ ከሰል ምድጃው ዙሪያ ቆምን። ማንቆርቆሪያውን አጥበው ከጄሪካኑ ቀዱበት። ክዳኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠመጠሙ። አፉ ላይ የላስቲክ ቱቦ ሰኩ፤ ቱቦውን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አሳልፈው ጫፉን ወደ ሲኒ መለሱ። «አረቄ ካለበት መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው» አሉ። «ጭራም ቢሆን እንደገና ሲወጣ ራሱ ይቀድማል። የመጀመሪያው ጠብታ ይነዳል።»

መዘምራኑ ልምምዳቸውን አቋርጠው በመስኮት ተደረደሩ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በእሑድ ቀን፣ መጋቢው ባሉበት ያወጣል! እጃቸው ግን ምንም አልረሳም። ከሰሉን በጣታቸው ገፋ ያደርጋሉ፣ ቱቦውን ዳበስ ያደርጋሉ፣ የሳፋውን ውሃ ይቀይራሉ። በመሐሉ ሲስሉ የነበሩት ሽማግሌ «እሳቱን ቀንሱት እንጂ፣ ገንፍሎ ይመጣባችኋል!» አሉ። ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን። «ስለ ወተት ማለቴ ነው» አሉና ወደ መዘምራኑ ማየት ጀመሩ።

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሳህን ላይ ፈሰሱ። ክብሪቱን የለኮሱት መጋቢው ራሳቸው ናቸው። ጠፋ። ሦስተኛው ክብሪትም ጠፋ። ጋሽ ዳና ከሲኒው መዳፋቸው ላይ አፍስሰው አሹት፣ አሸተቱት፣ እስኪደርቅ ጠብቀው እንደገና አሸተቱት። «ውሃ ነው» አሉ። «የሸተተኝ ማሰሮው ነው። የማውቀው ማሰሮ ነው። ኤልያስ፣ በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

እኔ ነጻ ወጣሁ። ጋሽ ዳና ከሽማግሌነት እንዲያርፉ ተወሰነ። ያረፉት ድሮ ስላወጡ አይደለም። መጋቢው እንዳሉት፣ በምእመናን ፊት ቆመው ያልሆነውን ስለመሰከሩ ነው። «ልክ ነው» አሉ ጋሽ ዳና፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ሰው ትከሻዬን እየመታ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል። ደስ አላለኝም። እኔ የዳንኩት እሳቸው ስለወደቁ ነው፣ ከዚያ በኋላ ልጅዎን ስጡኝ ማለት በምን አፌ?

ሽማግሌዎቼም ፈሩ። «በሰውየው ቁስል እንጨት አትስደድ፣ ጊዜ ስጠው» አሉኝ። ማርታ በቤቴ በኩል ስታልፍ ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ፣ አንዳችንም አንናገርም። ጋሽ ዳና መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታዬን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀብለው ያልፋሉ። ነገሩ እንዳበቃ ነው የቆጠርኩት።

አንድ ጠዋት የላቦራቶሪው በር ተንኳኳ። ጋሽ ዳና በአንድ እጃቸው የመዳብ ቱቦ፣ በሌላው የተቆረጠ በርሜል ይዘው ቆመዋል።

«ያ የተሰበረው ዕቃ የታል?»

ኮንደንሰሩን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩት። «ጥበቡ ጥሩ ነው። ግን ይሄ ዕቃ ቧንቧው ውሃ አያቋርጥም ብሎ አምኖ የተሠራ ነው። ጂንካን አያውቃትም» አሉ። «አሸዋ አምጣ። ደረቅ አሸዋ።»

ቱቦውን አሸዋ ጠቅጥቀን ሞላነው። ባዶውን ከተጠመጠመ ይታጠፍና ይሰበራል፤ አሸዋ ከሞላ ግን ክብነቱን ሳያጣ ይዞራል። ይህን ከሥልጠናም፣ ከሙሉጌታም አልሰማሁትም ነበር። እኔ ጫፉን ጨብጬ እይዛለሁ፣ እሳቸው እንደ ጭን በወፈረ ግንድ ላይ እያዞሩ ይጠመጥማሉ።

«ሽማግሌዎችህ ወዴት ጠፉ?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

እጄ ከቱቦው ተላቀቀ።

«ያዝ እንጂ! ይበላሻል!» ጮኹብኝ። እንደገና ያዝኩ። «ልጅቷ ከእሱ ሌላ አላይም ብላለች። እኔም ከእንግዲህ የማንን አፍ አሸታለሁ? ላካቸው።»

አለቀስኩ። አሸዋ ዓይኔ ገባ አልኳቸው። «አሸዋው ቱቦ ውስጥ ነው» አሉኝ።

ሠርጋችን በዚያው ዓመት ሆነ። ሙሉጌታ ሚዜ ካልሆንኩ ብሎ አስቸገረ፣ እትዬ ጥሩነሽ በግ ላኩ። ጋሽ ዳና በጉን ተቀብለው፣ በፊት ለፊት በር ቤታቸው ሄደው አመሰገኗቸው። ጎረቤት ሁሉ አየ።

ጥቅል ቱቦው የገባበት ያ በርሜል ብዙ ዓመት ሠራ። የቧንቧን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ጠዋት በባልዲ ትሞላዋለህ፣ ሲሞቅ ትቀይረዋለህ። ከሃና ከተማ የመጣ የጤና ባለሙያ አየውና ለሶላር ባትሪው ውሃ ራሱ ማውጣት ጀመረ፤ እዚያ መኪና እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ባትሪው ይደርቅበታል። ዲመካ ያለ መካኒክም ሠራ። ከቱርሚ የመጣ አንድ ነጋዴ ደግሞ ለመኪናዬ ባትሪ ነው ብሎ፣ ቱቦውን ለክቶ፣ አሸዋውን ሳይቀር ተምሮ ሄደ። መኪና እንደሌለው የሰማሁት በኋላ ነው።

ሊማር ለሚመጣ ሁሉ የሚያሳዩት ጋሽ ዳና ነበሩ። ቱቦውን ከመንካታቸው በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይናገራሉ። «ይሄን ያሳየኝ አንድ ግሪክ ነው። እኔም እሱም አረቄ ነበር የምናወጣበት» ይላሉ። ተማሪ ቢኖር፣ ምእመን ቢኖር፣ የልጅ ልጆቻቸው ቢኖሩ አይተዉትም። ቤተ ክርስቲያን ወደ ሽማግሌነት ይመለሱ ብላ ስትጠይቃቸው «እዚህ ይሻለኛል» ብለው ላቦራቶሪው ውስጥ ቀሩ። እስኪያርፉ ድረስ ይመጡ ነበር።

እኔ ለጡረታ የቀረኝ ጥቂት ነው። በዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው፦ ዘዴ ከአገር አገር የሚሄደው በሰው ነው። ያ ሰው አውቀዋለሁ ለማለት ካፈረ፣ ዘዴው ከእሱ ጋር ይቀበራል።